ዘመድን ለመጥራት፦ ስለ ጾታና ስለ ቤተሰብ ቃላት



አዲስ ቋንቋ የሚጀምር ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚማረው የቤተሰብ ቃላትን ነው። የደብተሩን ገጽ መሐል ለመሐል ከፍሎ በግራ በኩል «እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል፣ ሚስት» ብሎ ይጽፋል፤ በቀኝ በኩል የአዲሱን ቋንቋ ቃላት ይደረድራል፤ ከዚያ ሲሸመድድ ያመሻል። በትምህርት ቤትም የምናስተምረው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ መንገድ እንደማያዋጣ ነው ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው። «ድንጋይ» ወይም «ውሃ» የሚለውን ቃል ማንም ይናገረው፣ ለማንም ይናገረው፣ ለውጥ የለውም። የዘመድ ቃል ግን ሌላ ነው። ተናጋሪው ማን ነው? የሚናገረው ለማን ነው? የሚጠራው ሰው ወንድ ነው ወይስ ሴት? ታላቅ ነው ወይስ ታናሽ? አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙ? ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ሳይጠይቅ ዘመድ የሚያስጠራ ቋንቋ እኔ አላጋጠመኝም። ቋንቋዎች የሚለያዩት የትኛውን ጥያቄ አስቀድመው እንደሚጠይቁ ነው።

ነገሩ ጎልቶ እንዲታየን ከአገራችን ራቅ ብለን እንጀምር። ማዳጋስካር ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሻገር በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ትልቅ ደሴት ናት። ቋንቋዋ ማላጋሲ ይባላል። ሥሩ ግን አፍሪካ ውስጥ አይደለም፤ ዛሬ ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ብሩናይ በሚካፈሉት በቦርኒዮ ደሴት ነው። ከዛሬ ሺህ ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ውቅያኖስ ያቋረጡ ሰዎች ይዘውት መጡ። ኖርዌያዊው ኦቶ ዳል በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ማላጋሲን ቦርኒዮ ውስጥ ከሚነገረው ከማአንያን ቋንቋ ጋር አስተያይቶ ዝምድናቸውን አሳይቷል።

ማላጋሲ ለአማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ ላይ ይቀልለዋል። «እሱ»ም «እሷ»ም በአንድ ቃል «ኢዚ» ይባላሉ። መጣሁ፣ መጣህ፣ መጣሽ፣ መጣች እያሉ ግሱን መለዋወጥ የለም፤ አንዱ ቅርጽ ለሁሉም ይሆናል። ጾታ መለየት ካስፈለገ «ላሂ» ወንድ፣ «ቫቪ» ሴት የሚሉ ቃላት ከስሙ ኋላ ይገባሉ። «ዛዛ» ልጅ ነው፤ «ዛዛላሂ» ወንድ ልጅ፣ «ዛዛቫቪ» ሴት ልጅ። እኛም «ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ» ነው የምንለው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይገለበጣል። ዶሮም ቢሆን አውራው «አኩሁላሂ»፣ ሴቷ «አኩሁቫቪ» ናት። እዚህ ድረስ የደብተሩ ገጽ ይበቃል።

ወንድምና እህት ላይ ሲደረስ ግን ደብተሩ ይከዳናል። ቡታጅራ ውስጥ አንድ ቤት እናስብ። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች አሉ፤ ከድር፣ ሸምሱ፣ ዘይነባና ራውዳ እንበላቸው። ከድር ስለ ሸምሱ ሲያወራ በአማርኛ «ወንድሜ» ይላል፤ ዘይነባም ስለ ሸምሱ ስታወራ «ወንድሜ» ትላለች። ማላጋሲ እነዚህን ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም። የወንድ ወንድም «ራሃላሂ» ነው፤ የሴት ወንድም «አናዳሂ» ነው። እህትም እንደዚያው ሁለት ናት፤ የሴት እህት «ራሃቫቪ»፣ የወንድ እህት «አናባቪ»። ስለዚህ ሸምሱ ለከድር ራሃላሂው፣ ለዘይነባ አናዳሂዋ ነው። አንድ ሰው ነው፤ ቃሉ የሚለወጠው በጠሪው ጾታ ነው።

ልብ በሉ፤ ቃሉን ለመምረጥ የሸምሱን ወንድነት ማወቅ አይበቃም፤ የራስን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። በአማርኛ «እህቴ ታማለች» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰንና ፊርማ ባይኖረው ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት አናውቅም። በማላጋሲ «አናባቪዬ» ካለ ወንድ ነው፤ «ራሃቫቪዬ» ካለች ሴት ናት። «ኢዚ» በሚለው ቃል ወንድና ሴትን ሳይለይ ያለፈው ቋንቋ ወንድምና እህት ላይ ሲደርስ የተናጋሪውን ጾታ ሳይቀር ይለያል። ጾታ በሰዋስው ውስጥ የለም ማለት ጾታ ግድ አይሰጥም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ዕድሜንም እንዲሁ ይጠይቃል። ታላቅ «ዙኪ»፣ ታናሽ «ዛንድሪ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ወንድም ሴትም በአንድ ቃል ይጠራሉ።

ሌላም አለ። ከ1864 እስከ 1895 እ.ኤ.አ. የማዳጋስካር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሦስት ንግሥቶችን ተከታትሎ ያገባው ሰው ስሙ ራይኒላያሪቩኒ ነበር። በስሙ መነሻ ላይ ያለው «ራይኒ» «የእገሌ አባት» ማለት ነው፤ ለእናት ደግሞ «ሬኒ» ይባላል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየሰፈራችን እናት በተጸውዖ ስሟ ሳትጠራ «የከድር እናት» ተብላ ዓመታት ታልፋለች፤ ጎረቤት ስሟን የሚሰማው የእድር መዝገብ ሲነበብ ነው። ይህን አጠራር የሚወዱ እናቶች አሉ፤ ስሜ ተረሳ የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አሁን ወደ አማርኛ እንመለስ። አማርኛ የተናጋሪውን ጾታ አይጠይቅም፤ የአድማጩን ግን ሳይጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር አያሳልፍም። «አንተ» ወይስ «አንቺ»? «ና» ወይስ «ነይ»? ማላጋሲ ወይም እንግሊዝኛ እየተናገረ አድጎ አማርኛ የሚማር ሰው ላቡ ጠብ የሚለው እዚህ ነው። ከዚያ አክብሮት ይመጣል፤ አክብሮት ሲመጣ ደግሞ ጾታ ይጠፋል። አያታችን ሴት ሆነው ሳሉ «እርስዎ» ስንላቸው፣ «እሳቸው መጡ» ስንል፣ በቃሉ ውስጥ ሴትነታቸው አይታይም። በልጅነቷ «አንቺ» የነበረች ሴት በእርጅናዋ እንደ ወንዶቹ «እርስዎ» ትሆናለች። በተቃራኒው ደግሞ ፍቅር ጾታን ያገላብጣል፤ እናት ትንሽ ወንድ ልጇን «አንቺ» ብላ ታቆላምጠዋለች፤ ጓደኛሞች ሴቶች እርስ በርስ «አንተ» ይባባላሉ። ይህን ከሰዋስው መጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ስህተት ነው ብሎ ያርማል፤ ቤት ውስጥ ያደገ ግን ፍቅር መሆኑን ያውቃል። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «አባባ»፣ «እማማ» የሚሉት መጠሪያዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ዝምድና ለሌለው ሰው የዝምድና ቦታ ይሰጣሉ።

አጎትና አክስትን በተመለከተ አማርኛ ቆጣቢ ነው። የአባትም ይሁን የእናት እህት አክስት ናት። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወንድ እህቱን ወይም አክስቱን፣ ሴትም ወንድሟን ወይም አጎቷን ማግባት እንደማይችሉ ሲደነግግ አንዷ «አክስት» የምትለው ቃል በእናትም በአባትም በኩል ያለውን ትሸፍንለታለች። በቡታጅራ መድረሳዎች ዐረብኛ የቀራችሁ ግን የአባት እህት «ዐማ»፣ የእናት እህት «ኻላ» መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ሕጉ በዐረብኛ ቢጻፍ ሁለቱንም መጥራት ይኖርበት ነበር።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ስለዚሁ ስለ አገራችሁ፣ ስለ ወልቂጤና ስለ ቡታጅራ አፍ ነው። ጉራጊኛ በሚለው አንድ ስም ሥር ብዙ አፎች እንዳሉ ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወልቂጤ መናኸሪያ ላይ ቸሃው፣ እዣው፣ ሙኽሩ፣ ቀቤናው፣ ኦሮሞው በአንድ ወረፋ ይቆማሉ። ቡታጅራ ገበያ ላይ መስቃንኛው፣ ክስታንኛው፣ ስልጥኛው፣ ማረቆኛው በአንድ ሚዛን ላይ ይገበያያሉ። የቋንቋ ተመራማሪው ዎልፍ ሌስላው የጉራጌ አፎችን ጎን ለጎን አድርጎ በ1979 እ.ኤ.አ. በሦስት ጥራዝ የሥርወ ቃል መዝገብ ሲያሳትም፣ አንዱ ቃል ከአፍ ወደ አፍ እንዴት እንደሚለዋወጥ ገጽ በገጽ አሳይቷል። እኔ ዛሬ ምሳሌዬን በተሻለ ከማውቀው ከቸሃ እወስዳለሁ፤ የሌላው አፍ ተናጋሪዎች የራሳችሁን እያስተያያችሁ አድምጡኝ።

በቸሃ እናት «አዶት» ናት። «ምስ» ወንድ ወይም ባል ነው፤ «ምሽት» ሴት ወይም ሚስት ናት። በጎጃምና በጎንደር ገጠር «ምሽቴ» ሲባል የሰማ ሰው ይህ ቃል አይርቀውም። ወንድ ልጅ «አርች»፣ ሴት ልጅ «ገረድ» ይባላሉ። ይህችን «ገረድ» የምትለውን ቃል በደብተር ገጽ የሚማር ሰው ይደነግጣል፤ የአማርኛ ጆሮ ያላት እናት ልጇ እንደዚያ ስትባል ብትሰማ ቅር ሊላት ይችላል። በቸሃ ግን ክብር የሚነካ ነገር የለበትም፤ ልጃገረድ ማለት ነው። አማርኛም ያንኑ ትርጉም «ልጃገረድ» በሚለው ቃሉ ውስጥ እስከ ዛሬ ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ወልቂጤ የሚያድግ ልጅ ይህን ቃል ከአያቱ አፍ፣ የልጅ ልጃቸውን ሲያቆላምጡበት ሊሰማው ይገባል። እንደዚያ የሰማው ልጅ አያፍርበትም።

ከስሞቹ ይበልጥ ግን ተውላጠ ስሞቹ ያስደንቁኛል። አማርኛ «እናንተ» ሲል ወንዶችም ሴቶችም ያው ናቸው፤ «እነሱ መጡ» ሲባል የመጡት ሙሽራዋን የሚያጅቡ ሴቶች ይሁኑ ሽማግሌዎች አይታወቅም። ቸሃ ይህን አይቀበልም። ወንዶችን «አኹ»፣ ሴቶችን «አኽማ» ይላል። ራቅ ብለው ያሉ ወንዶች «ኽኖ»፣ ሴቶች «ኽነማ» ናቸው። ግሱም ይከተላል፦ ወንዶቹ ከሰበሩ «ሰፐሮም»፣ ሴቶቹ ከሰበሩ «ሰፐረማም»።

ይህ የቸሃ ፈጠራ አይደለም፤ ጥንታዊ ሀብት ነው። ግእዝ «አንትሙ» እና «አንትን»፣ «ሰበሩ» እና «ሰበራ» እያለ ይለያል። ትግርኛ «ንስኻትኩም» እና «ንስኻትክን» ይላል። ዐረብኛ «አንቱም» እና «አንቱንነ» ይላል። የቆሎ ተማሪው በግእዝ፣ ደረሳው በዐረብኛ በብዙ ድካም የሚማረውን ልዩነት የቸሃ ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ይማረዋል። አማርኛ ይህን መለያ በዘመናት ውስጥ ጥሎታል፤ ስልጥኛም በብዙ ቁጥር ላይ ጾታ ባለመለየት ከአማርኛ ጋር ይሰለፋል። የጣለ ቋንቋ ጎደለ፣ የያዘ ቋንቋ በለጠ አልልም። ግን በእጃችን ያለውን ሳናውቀው እንዳይጠፋብን እሰጋለሁ።

ስጋቴ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ወልቂጤ ውስጥ ቆጮ ከዘረጉ ሴቶች አጠገብ ቆሜ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ የሚመስል ወጣት ቀረበና በቸሃ ሊያናግራቸው ሞከረ፤ ቃላቱን ያውቃል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ጤንነት ይጠይቃል። ሴቶቹን ሁሉ ግን «አኹ» ይላቸዋል። በአማርኛ ስላሰበው «እናንተ» አንድ ሆኖበታል። ከመሐላቸው ታላቋ ሳይቆጡ፣ ሥራቸውንም ሳያቋርጡ፣ «አኽማ» አሉት። ወጣቱ ደገመው። ቀና ብለው አይተውት እንደገና «አኽማ» አሉት፤ እንደገና ደገመው። ትምህርቱ ይኸው ነበር። የተማረው ቃል ፊት ለፊቱ ከተቀመጡት ሴቶች ጋር ተጣብቆ ስለገባው እንደማይረሳው እርግጠኛ ነኝ።

በጉራጌ ታሪክ ውስጥ ሴቶች በአንድነት ቆመው የተናገሩበት ጊዜ አለ። የቃቄ ወርድወት ሴቶችን አስተባብራ፣ ሴት ልጅ ከማትፈልገው ትዳር የመውጣት መብት እንዲኖራትና ባል በሚስት ላይ ሚስት እንዳይደርብ፣ የጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎች ፊት ስትሟገት ትታወሳለች። ታሪኳ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ በብሔራዊ ትያትር መድረክም ታይቷል። እነዚያን ሴቶች በአማርኛ «እነሱ» ስንል ማን እንደሆኑ ለማወቅ ሌላ ቃል መጨመር አለብን። «ኽነማ» የሚል አፍ ግን በአንድ ቃል ሴቶች መሆናቸውን ያስታውቃል። ሌስላው ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ሞየት የሚባሉትን የጉራጌ ልጃገረዶች የምስጢር ቋንቋ መዝግቧል፤ ሌላው ሰው እንዳይረዳቸው የሚነጋገሩበት፣ የራሳቸው የሆነ አነጋገር ነበራቸው። በዚያው ዓመት ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ልብ ወለድ፣ የሽነጋ መንደር፣ በሌስላው ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ታትሟል። ስለ አንድ ልጅና ስለ መንደሩ የሚተርክ፣ የቤተሰብ ቃላት በኑሮ ውስጥ የሚሰሙበት መጽሐፍ ነው።

ከጎረቤቶቻችንም አንድ ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ አብረውን ያሉት ከምባታዎች ምራት ለአማቾቿ የምታሳየው የቋንቋ አክብሮት ነበራቸው። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም ነበር፤ በዚህም አያበቃም፣ በስሙ የመጀመሪያ ቀለም የሚጀምር ሌላ ቃልም አታወጣም ነበር። ስሙ የውሃ ወይም የእህል መጠሪያ በሚጀምርበት ቀለም ከጀመረ ለዚያ ነገር ምትክ ቃል ትፈልግ ነበር። ስለዚህ ምራቶቹ ለዕለት ተዕለት ነገሮች ሌላ የቃላት ክምችት ይዘው ይኖሩ ነበር። ይህን ባህል በከምባታ ሴቶች ዘንድ ኢቮን ትራይስ የምትባል የቋንቋ ተመራማሪ በዝርዝር አጥንታዋለች፤ በሲዳማም ተመሳሳዩ አለ። እነዚህ ሴቶች የተሸከሙት ሸክም ቀላል አይደለም፤ ጥበባቸውም ቀላል አይደለም። አንድ የዘመድ ስም ሙሉውን መዝገበ ቃላት ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር በደጃችን አለ።

እንግዲህ ለመምህራን ልናገር። የቤተሰብ ቃላትን ስታስተምሩ ሰሌዳ ላይ ዝርዝር ከመጻፋችሁ በፊት ተማሪዎቹን አስነሡ። አራት ልጆች ይቁሙ፤ አንዱ አያት ይሁን፣ አንዷ አክስት ትሁን፣ ሁለቱ ወንድምና እህት ይሁኑ። እያንዳንዱ ሌላውን ይጥራ፤ ስለ ሦስተኛው ለአራተኛው ያውራ። ሴቶቹ ብቻ ሲቆሙ የሚባለውና ወንዶቹ ብቻ ሲቆሙ የሚባለው በጆሮ ይለይ። ስህተት ሲፈጠር እንደ ቆጮ ሻጯ እናት ትክክለኛውን ቃል ደግሞ መስጠት ይበቃል፤ በልጅ ላይ ማሳቅ አያስፈልግም። በልጅነቱ በአያቱ ቋንቋ የተሳቀበት ሰው ለልጁ ሳያወርሰው እንደሚቀር በየቤታችሁ አይታችኋል።

ለወላጆች ደግሞ፦ ከልጆቻችሁ ጋር አማርኛ ብቻ የምትናገሩ ብዙዎች ናችሁ፤ ምክንያታችሁ ይገባኛል፤ ትምህርቱም ሥራውም በአማርኛ ነው። አማርኛውን ተዉት አልልም። ልጃችሁ ቢያንስ ዘመዱን ግን በአፋችሁ ይጥራ። እናቱን «አዶት» ብሎ የሚጠራ ልጅ ወደ ቀሪው ቋንቋ የሚገባበት በር አለው።

የጽሑፉም ነገር አያስፈራችሁ። ቸሃ ለአንድ ወንድ «አኸ» ይላል፤ ለአንዲት ሴት ሲሆን የመጨረሻው ድምፅ ወደ «ይ» ለስልሶ ይነገራል። ይህ ልስላሴ በተለመደው የፊደል ገበታ ላይ የራሱ ፊደል አልነበረውም፤ ሴትን ከወንድ የሚለየው ድምፅ በወረቀት ላይ ሲጠፋ ኖሯል። ዛሬ እንደዚህ አይደለም። ለሰባት ቤት ጉራጌ የተዘጋጁ ፊደላት በ2005 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ገብተዋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጉራጊኛ ጽሕፈት ተጨማሪ ፊደላት ተካተዋል። ስልክ ሁሉ ገና አያሳያቸውም፤ መለያ ቁጥራቸው ግን ተሰጥቷቸዋል።

የመስቃን፣ የክስታኔ፣ የዶቢ፣ የእነሞር፣ የወለኔ ልጆች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእናንተን አፍ በቸሃ ምሳሌ ልጨፍልቀው አልፈልግም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የቤቱን ታላቅ ሴት ጠይቁልኝ፦ ወንድ ስለ እህቱ ሲያወራ ምን ይላል? ሴትስ ስለ እህቷ? የእናት ወንድምና የአባት ወንድም ስማቸው አንድ ነው? ለቅሶ የሚደርሱ ሴቶችን ስትጣሩ «እናንተ» የሚለው እንዴት ነው፣ ለወንዶቹስ? የምትሰሙትን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፤ የተናገሩትን ሴት ሰፈርና ዕድሜ ከጎኑ አስፍሩ፤ ለትምህርት ቤታችሁ የቋንቋ መምህርም አንድ ቅጂ ስጡ።